እናቴ «የህንድ አበባ» ብላ የምታጠጣው ተክሌ ቢጫ ሆነብኝ

የአንባቢ ደብዳቤ

ሰላም እህቴ፣ እንደምን ነሽ። የምጽፍልሽ ነገር ለሌላ ሰው ባወራው ያስቃል፣ እኔን ግን ጨንቆኛል። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው፣ ዌርሃውስ ውስጥ ናይት ሺፍት እሰራለሁ። ሜሪላንድ ካናቢስ ከፈቀደች በኋላ ቤዝመንት ውስጥ መብራት ሰቅዬ ሁለት ፖት ተከልኩ። ለመሸጥ ምናምን አይደለም፣ ጠዋት ከስራ ስገባ እንቅልፍ እምቢ ስለሚለኝ ነው። ባለቤቴ ታውቃለች፣ ደስ ባይላትም ዝም ብላለች።

ከዛ ባለቤቴ ወለደችና እማዬ ልታርሳት ከአዲስ አበባ መጣች። ልብስ ልታጥብ ቤዝመንት ስትወርድ አየቻቸው፣ «ይሄ ምንድነው ልጄ፣ እንዴት ያምራል» ስትለኝ ደንግጬ «የህንድ አበባ ነው» አልኳት። በቃ ከዛ ቀን ጀምሮ የሷ ሆኑ። ትልቁን «ጨለማ ቤት ምን በደለህ» ብላ ሳሎን መስኮቱ ጋር አመጣችው፣ ከሱቅ ወርቃማ ፖት ገዝታ እዛ ውስጥ ከተተችው፣ ጠዋት ጠዋት ቡና ስታፈላ ውሃ ታጠጣዋለች፣ የቡናውን አተላ ደግሞ «ያፋፋዋል» ብላ እላዩ ላይ ትደፋለች። ትንሿን «እሷ መብራት ነው የምትፈልገው» ብዬ በስንት ክርክር ቤዝመንት አስቀረኋት።

አሁን ትልቁ ከታች ጀምሮ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ይረግፋል፣ ቀጥ ብሎ የነበረው ሁሉ ወደታች ተንጠልጥሏል፣ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦችም ይዞርበታል። ምግብ አንሶት ነው ብዬ ማዳበሪያ ለሁለቱም እጥፍ አድርጌ ሰጠኋቸው፣ ባሰ። ትንሿ ደግሞ በተቃራኒው ከላይ ነው ቢጫ የሆነችው፣ ጫፍ ጫፏም የተቃጠለ ይመስላል።

ሌላው ደሞ እማዬ ለአክስቴ በቪዲዮ ኮል እያሳየቻት ነው! ጭራሽ ከትልቁ ጫፍ ቀንጥሳ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አድርጋ ኪችን መስኮት ላይ አስቀምጣለች፣ ስር ሲያወጣ አዲስ አበባ ወስዳ ግቢዋ ልትተክለው። ልንገራት ስል አንደበቴ ይያዛል፣ ቤተክርስቲያን የማትቀር ሰው ናት፣ በኔ ታፍራለች። ባለቤቴ «ሲቲዝንሺፕ ኢንተርቪው እየጠበቅኩ ነው፣ ይሄን ነገር አንድ በለው» ትለኛለች። ቢያንስ ቅጠሉን እንዴት ላድነው? እማዬንስ ምን ልበላት?

የጨነቀው ከሜሪላንድ

መልስ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ማርያም ማረቻችሁ! ደብዳቤህን ሳነብ ወርቃማው ፖት ጋር ስደርስ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ብርጭቆው ጋር ስደርስ ግን ሳቄ ቆመ፣ ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ። በጠየቅከኝ ቅደም ተከተል ልሂድ፣ መጀመሪያ ቅጠሉ።

ትልቁ አልተራበም፣ ውሃ በዝቶበት ነው። በሞቴ በሞቴ እየተባለ ሲጎርስ የከረመ እንግዳ ሆኗል። ምልክቶቹን ራስህ ጽፈሃቸዋል እኮ፣ ከታች የጀመረ ቢጫ፣ የተንጠለጠለ ቅጠል፣ ዝንብ። ዝንቦቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ሁሌ እርጥብ የሆነ አፈር ላይ ስለሆነ እነሱን ካየህ አፈሩ ደርቆ አያውቅም ማለት ነው። ስር አየር ይፈልጋል፣ በአፈሩ መሀል ያሉት ክፍተቶች በውሃ ሲሞሉ ይታፈንና መበስበስ ይጀምራል፣ የበሰበሰ ስር ደሞ ምግብ ቢኖርም መምጠጥ አይችልም። ለዚህ ነው ቅጠሉ የተራበ መስሎ የታየህ። በዛ ላይ ቤዝመንት መብራት ስር የነበረ ተክል ወደ መስኮት ሲወጣ ብርሃን ይቀንስበታል፣ ብርሃን ሲቀንስ ውሃም ቶሎ አይጠጣም፣ እናትህ ግን መጠኑን አልቀነሱም፣ እንዴት ያውቃሉ?

አንድ ጥያቄ፣ ወርቃማው ፖት ታች ቀዳዳ አለው? ለጌጥ የሚሸጡት አብዛኞቹ የላቸውም። ዛሬውኑ የውስጡን ፖት ከወርቃማው አውጥተህ እየው፣ ስሩ ላይ ውሃ ተኝቶ ታገኘዋለህ ብዬ እገምታለሁ። ውሃውን ድፋው። ከዛ ተክሉን ከነአፈሩ በቀስታ ከፖቱ አውጥተህ ስሩን ተመልከት፣ ነጭ ወይም ክሬም ከሆነና ጠንከር ካለ ይድናል፣ ቡናማ ሆኖ ከሟሸሸና መጥፎ ሽታ ካለው የበሰበሰውን በንጹህ መቀስ ቆርጠህ አዲስ፣ ፐርላይት (ውሃ ቶሎ እንዲያልፍ የሚያደርግ ነጭ ቀላል ጠጠር) የተቀላቀለበት አፈር ውስጥ ቀዳዳ ባለው ፖት አድርገው። ከዛ በኋላ ዋናው ስራ አለመንካት ነው። ጣትህን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ክተት፣ እርጥበት ከተሰማህ አታጠጣ፣ ወይም ፖቱን አንሳው፣ ቀለል ሲልህ ብቻ ውሃ ስጠው፣ ስትሰጠው ከታች እስኪወጣ ስጠውና ከስሩ የተጠራቀመውን ድፋ። ለዝንቡ ሆም ዲፖ ወይም ሎውስ የሚሸጠው ቢጫ የሚያጣብቅ ወረቀት ይበቃል፣ የላይኛው አፈር ሲደርቅ ራሳቸው ይጠፋሉ።

የቡናው አተላ ነገር ትንሽ ያከራክራል። ብዙ ሰው አሲድ ነው ይላል፣ የፈላ ቡና አተላ ግን አሲድነቱ አብዛኛው ከቡናው ጋር ስለሚወጣ ያን ያህል አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው፣ በወፍራሙ ሲደፋ ላዩ ላይ እንደ ቅርፊት ይጋገርና እርጥበት ይይዛል፣ ለመበስበስ ደሞ ከአፈሩ ናይትሮጅን የሚባለውን የተክሉን ዋና ምግብ ይሻማል። ጠርገህ አውጣው። እናትህ አያትህ ግቢ ሲደረግ ያዩት ነገር ነው፣ ደጅ መሬት ላይ ሲበተን ምንም አይልም፣ ፖት ግን መሬት አይደለም።

ትንሿ ሌላ በሽታ ነው ያለባት፣ ለዚህ ነው ሁለቱንም በአንድ መድሃኒት ማከም የማይሆነው። ናይትሮጅን ሲያንስ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል፣ ስለዚህ ቢጫው ከታች ነው የሚጀምረው። አንተ ከላይ ነው አልክ፣ መብራቱ ስር ያሉት ቅጠሎች ናቸው አይደል? መጀመሪያ መብራቱን ጠርጥር። ኤልኢዲ ከሆነ እንደ ጉልበቱ ከተክሉ ጫፍ ከ30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት፣ ተክሏ ስታድግ መብራቱን ከፍ ማድረግ ረስተህ ይሆናል፣ በተለይ ሕፃን ያለበት ቤት ማን ያስታውሳል። ጫፍ ጫፉ ላይ የተቃጠለው ደሞ እጥፍ አድርገህ የሰጠኸው ማዳበሪያ ነው። ማዳበሪያ ጨው ነው፣ ሲበዛ ጫፉን ያነደዋል። ንጹህ ውሃ በደንብ አፍስስባት፣ ከታች ይውጣ፣ ከዛ አዲስ ጤነኛ ቅጠል እስክታወጣ ማዳበሪያ የሚባል አታሳያት፣ ስትጀምርም እቃው ላይ ከተጻፈው ግማሹን። ትልቁ ግን አሁን ውሃ ስለጠገበ ይሄን ማጠብ እሱ ላይ እንዳትሞክረው።

መብራቱን አርቀህ አዲስ የሚወጣው ቅጠል አሁንም ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሀሉ ቢጫ ከሆነ ብረት አጥታለች፣ ብዙ ጊዜ ብረቱ አፈሩ ውስጥ አለ፣ የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ ቁጥር) ከፍ ብሎ ነው የማትወስደው። አፈር ላይ ከ6 እስከ 7 ባለው መሀል ነው የሚስማማት፣ የፒኤች ጠብታ መለኪያ ርካሽ ነው፣ ገምተህ ኬሚካል ከመጨመር በፊት እሱን ግዛ። ተመሳሳይ ነገር ከታች ባሉት አሮጌ ቅጠሎች ላይ ካየህ ግን ማግኒዥየም ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ኢፕሰም ሶልት (ማግኒዥየም ያለበት ጨው) በአንድ ጋሎን ውሃ በጥብጠህ ስጣት። የቅጠሉን ጀርባም ገልብጠህ እይ፣ መርፌ የወጋው የሚመስል ብዙ ትንንሽ ነጥብና ቀጭን ድር ካለ ስፓይደር ማይት የሚባል የተክል ተባይ ነው፣ የዛኔ ከትልቁ ጋር እንዳታቀራርባቸው። ብቻ ሁሉንም በአንድ ቀን አታድርግ፣ የትኛው እንዳዳናት አታውቅም። ቢጫ የሆነው ቅጠል ደግሞ ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም፣ አዲሱን ነው የምትከታተለው።

አሁን ወደ ብርጭቆው ልምጣ፣ ካሳቀኝ ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነው። የሜሪላንድ ሕግ ከጁላይ 1፣ 2023 ጀምሮ ዕድሜው 21 ለሞላው ሰው የሚፈቅደው በአንድ ቤት ሁለት ተክል ነው፣ ባልና ሚስት ስለሆናችሁ አራት አይሆንም፣ ስር ያወጣው ቅንጣሽ ሲጨመር ሦስት ሊባል ይችላል። ሕጉ ከመንገድ የማይታይ ቦታ፣ ልጅ የማይደርስበት ይሁን ይላል፣ የናንተው ሳሎን መስኮት ላይ በወርቅ ፖት ተሰይሟል! ቤቱ የኪራይ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ መከልከል ይችላል፣ ኮንትራትህን አውጥተህ አንብበው። ስለዚህ ትልቁ ዳነም አልዳነ ዛሬ ማታ ወደ ታች ይውረድ።

ከዛ የከፋው ኤርፖርቱ ነው። እናትህ በፍቅር ያቺን ችግኝ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልለው ሻንጣቸው ውስጥ ቢከቱ እዚህ ደለስ ኤርፖርት ላይ በፌደራል ሕግ ወንጀል ነው፣ ቦሌ ላይ ቢያዙ ደግሞ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ነው የሚጠብቃቸው፣ እሱ የሚቀልድ ነገር አይደለም። «የህንድ አበባ መስሎኝ ነው» ቢሉ ማን ያምናቸዋል? ግቢያቸው ቢተክሉትም ያው ነው። ይሄን እያወቅክ ዝም ማለት አትችልም፣ አንተም ስለምታውቅ ነው የጻፍክልኝ።

ሚስትህ ያለችህን ደሞ በመጨረሻ በአንዲት መስመር ጣል አድርገህ አለፍካት፣ እኔ ግን ከደብዳቤው ሁሉ እሷ ጋር ነው የቆየሁት። ስቴቱ ቢፈቅድም በፌደራል ሕግ ካናቢስ ቁጥጥር የሚደረግበት ዕፅ ነው፣ ኢሚግሬሽን ደግሞ የሚሰራው በፌደራሉ ነው። በኤፕሪል 2019 የኢሚግሬሽኑ መስሪያ ቤት ባወጣው መመሪያ በስቴት ሕግ የተፈቀደ ቢሆንም ከማሪዋና ጋር የተያያዘ ድርጊት አመልካቹን መልካም ፀባይ የለውም ሊያስብል እንደሚችል በግልጽ አስቀምጧል። ይሄ የሚመለከተው ሰውየው ራሱ የሰራውን ስለሆነ አንተ ተከልክ ተብሎ እሷ ወዲያው ትወድቃለች ማለቴ አይደለም። ግን ስልክህ ላይ ውሃ ስታጠጣ የተነሳችው ፎቶ አለ? ማዳበሪያው የተገዛው በሷ ካርድ ነው? መብራቱን አጥፊልኝ ብለህ ቴክስት አድርገህላታል? እነዚህን አስብና ከኢንተርቪው በፊት ሁለታችሁም አንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ግቡ፣ ነገሩን እንዳለ ንገሩት፣ ምን ትበል የሚለውን ከሱ ስሙ። የቤተክርስቲያን ሰው ወይ የአጎት ልጅ ሳይሆን ጠበቃ። ኢንተርቪው ላይ ዋሽቶ ማለፍ የሚባለውን ምክር ከሰማህ አትቀበል፣ ውሸቱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። እናትህም በቪዛ የመጡ ሰው ናቸው፣ ሳያውቁ የነኩት ቢሆንም ከዚህ በኋላ እጃቸው እንዳይነካው አድርግ።

የኔ አስተያየት ይሄው፣ ሚስትህ ቃለ መሃላ እስክትፈጽም ድረስ ተክሉ ከቤት ቢወጣ ይሻላል። ጠበቃው ሌላ ካለህ የሱን ስማ። እንቅልፍ ማጣት ምን እንደሆነ የናይት ሺፍት ሰው ሁሉ ያውቀዋልና አቅልዬው አይደለም፣ ለሐኪምህ ነግረህ ታውቃለህ? ጥቁር መጋረጃ፣ ከስራ ስትወጣ የፀሐይ መነጽር፣ ከሺፍቱ ግማሽ በኋላ ቡና መተው፣ እነዚህ ያን ያህል የሚናቁ አይደሉም፣ ብዙ ሰው ግን ሳይሞክራቸው ነው ወደ ሌላው የሚሄደው። የት እንደምታጨስም አልነገርከኝም፣ አራስና ሕፃን ያሉበት ቤት ውስጥ እንዳልሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

እናትህን እንዴት ትነግራቸዋለህ? አንድ የምስራች ልበልህ፣ ብዙ ጊዜ የለህም። ይሄ ተክል ቀኑ ሲያጥርና ሌሊቱ ሲረዝም ነው የሚያብበው፣ ቤዝመንት ውስጥ መብራትህ ቀኑን ያስረዝምለት ነበር፣ መስኮት ላይ በክረምቱ አጭር ቀን ግን ማበብ ሊጀምር ይችላል፣ ግንዱና ቅርንጫፉ መሀል ነጫጭ ፀጉር የሚመስል ነገር ካየህ ጀምሯል። ሲያብብ ደግሞ ሽታው ቤቱን ሁሉ ይሞላዋል፣ የዛን ጊዜ አንተ ሳትነግራቸው ሌላ ሰው ነው የሚነግራቸው፣ አራስ ጠያቂ ይመጣል አይደል? ገንፎ ሊበላ የመጣ እንግዳ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አድርጎ «ይሄ ነገር...» ሲል እናትህ በሰው ፊት ከሚሰሙት ካንተ አፍ ብቻቸውን ቢሰሙት አይሻልም?

ሚስትህ ባለችበት፣ ሕፃኑ ሲተኛ፣ ቡና ላይ ይሁን። ሕጋዊ ነው አይደለም በሚል ክርክር አትጀምር፣ ለሳቸው ያ ምንም አይደለም። ከሳቸው አደጋ ጀምር። «እማዬ ያቺን ችግኝ ይዘሽ እንዳትሄጂ፣ ኤርፖርት ላይ ያስሩሻል። አበባ ነው ያልኩሽ ፈርቼ ነው፣ ካናቢስ ነው፣ እዚህ ሀገር ለእንቅልፍ ብዬ ነው የተከልኩት። ውሸቴ አንቺን ጣጣ ውስጥ ሊከትሽ ሲል ዝም ማለት አልቻልኩም።» በቃ እዚህ ጋር አቁምና ዝም በል፣ መልሱ የሳቸው ነው። ሀሺሽ ብለው ሊጮሁ ይችላሉ፣ ሊያለቅሱ ይችላሉ፣ «ልጄን አሜሪካ በላብኝ» ሊሉም ይችላሉ፣ የዛን ሰዓት ጎግል አውጥተህ ጥቅሙን ላስረዳሽ እንዳትል። ጸበል እረጭበታለሁ ካሉም ይርጩ፣ ትልቁ ግን መጀመሪያ ቀዳዳ ያለው ፖት ውስጥ ይግባ። ከተቆጡ በኋላ ግን ከምታስበው በላይ ሊገርሙህ ይችላሉ፣ ልጅ ያሳደገች ሴት እንቅልፍ ያጣ ልጇን ስታይ ቁጣዋ ብዙ አይቆይም። ከዛ በኋላ የሚያስቸግርህ አክስትህ ናት፣ ቪዲዮውን አይታለች፣ ምናልባት ካንተ እናት ቀድማ ሳታውቀው አልቀረችም። «አበባው ሞተ» ይበሏት፣ ወይም እውነቱን ይንገሯት፣ እሱን ለእናትህ ተውላቸው።

ተክሉን ለማስወገድ ከወሰናችሁ ቆራርጠህ ከአተላውና ከሌላ የቤት ቆሻሻ ጋር ቀላቅለህ በዛው ሳምንት ቆሻሻ ሲወጣ አውጣው፣ ለሰው ችግኝ አትስጥ። ብርጭቆው ውስጥ ያለችው ግን እስከዛ አትጠብቅ፣ ዛሬ ትውጣ። ለእናትህ በምትኩ የሚያጠጡት ነገር ያስፈልጋቸዋል፣ ጠዋት ቡና እያፈሉ ዝም ብለው አይቀመጡም። ጤናዳም ወይም በሶብላ ፈልግላቸው፣ ጆርጂያ አቨኑ ላይ ካሉት የኛ ሱቆች አንዱ ውስጥ ዘሩን ወይ ችግኙን አታጣም፣ ቀዳዳ ያለው ፖት ላይ።